ያልፈረምኩባቸው ሁለት ገጾች

የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ከአንድ ረቡዕ ጠዋት እስከ ማግስቱ ሐሙስ ከሰዓት ድረስ ነው። ሁለት ቀን እንኳን አይሞላም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ ስሜን ስጽፍ እጄ እንደ ድሮው ቶሎ አይሄድም።

ሐመልማል እባላለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ መምህርት ነኝ። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ቱታ ለብሼ መኪና ሥር ስገባ ሰው ቆሞ ቢያየኝ ግድ የማይሰጠኝ ደረጃ ላይ ደርሼ ነበር። በሥራዬ እኮራለሁ። የኔ ድርሻ ብሎኑ ነው፤ ከብሎኑ በኋላ ያለው የቢሮ ጉዳይ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ይህ እምነቴ ምን ያህል ምቹ እንደነበር የገባኝ ካጣሁት በኋላ ነው።

የጉዳዩ መነሻ ከአዳማ ብዙ የማይርቅ አንድ የዱር እንስሳት ፓርክ ነው። ስሙን አልጠራም። ቀደም ሲል የመግቢያ የከፈለ መኪና ሁሉ ይገባበት ነበር። ሾፌሮቹ እንግዳ ለማስደሰት ከመንገድ እየወጡ ሚዳቋ ያሳድዳሉ፣ ሣሩ በጎማ ታርሶ ሜዳው ማሳ መስሎ ነበር። በዚህ የተነሳ አንድ ውሳኔ ተላለፈ፦ ከእንግዲህ ቱሪስት ይዘው የሚገቡት ፈቃድ ያላቸው አሥራ ሁለት መኪኖች ብቻ ይሆናሉ። ፈቃድ ያገኘው መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ስቲከር ይለጠፍለታል፤ ስቲከር የሌለው በሩ ላይ ይቀራል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። በወጣው ማስታወቂያ መሠረት መኪኖቹ በቴክኒክ ይፈተናሉ። ፍሬንና መሪ ላይ የወደቀ፣ ሌላው ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር ይወድቃል። ያለፉት ደግሞ በነጥብ ይወዳደራሉ።

ገለልተኛ ፈታኝ እንዲልክ ኮሌጃችን ተጠየቀ፤ ኮሌጁ እኔን ላከ። ሦስት ቀን ሙሉ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታኝ ሠላሳ የሚሆኑ መኪኖችን ፈተሽኩ። ውጤቱን የሞላሁት በሦስት ገጽ ሠንጠረዥ ላይ ነበር። የፊርማ ቦታ የነበረው በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ፈረምኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ አልፈረምኩም፤ ማንም ፈርሚ አላለኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። ወረቀቶቹን ለፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ለአቶ ደረጀ አስረክቤ ወደ ተማሪዎቼ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ተማሪዎቼ አንድ ካምቢዮ ፈተው ጥርሱን እየቆጠሩ ሳለ የወርክሾፑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ወዲያው አወቅኳቸው። የወለንጪቲው ኦቦ ገመቹ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እንግዳ ይዘው ወደዚያ ፓርክ የተመላለሱ፣ መኪናቸውን ራሳቸው የሚያክሙ ሰው ናቸው። ለፈተና ያመጡት አሮጌ ላንድክሩዘር ከሞዴሉ በስተቀር አንድም የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። እንዲያውም ከሥሩ ስወጣ «እንዲህ የተያዘ ፍሬን ለተማሪዎቼ ባሳያቸው» ብያቸው ነበር።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ገመቹ» አልኳቸው እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ሥራ አስፈታሁሽ።» ቃላቸውን እየመረጡ ነው የሚናገሩት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። የኔ መኪና ፍሬኑ ምን ሆኖ ነው የወደቀው?»

የቀለዱ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«የማን መኪና?»

«የኔ። ዝርዝሩ ተለጥፏል። ፍሬን፣ ወድቋል ይላል። ከሥሩ ያንቺ ፊርማ አለ። ከፈረምሽ አንድ ያየሽው ነገር አለ ብዬ ነው። ንገሪኝና ላሠራው። ሰው ይዤ የምሄድበት መኪና ነው።»

ይህ ንግግራቸው ነው መጀመሪያ የወጋኝ። ሊከሱኝ አልመጡም። ወረቀቱን አምነው፣ የራሳቸውን ፍሬን ተጠራጥረው ነው የመጡት።

«ኦቦ ገመቹ፣ የርስዎ ፍሬን አልወደቀም» አልኳቸው። «እኔ የጻፍኩት አልፏል ብዬ ነው።»

ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የፈተናው ቀን ውጤታቸውን ስሞላ አጠገቤ ቆመው «ለራሴ ማስታወሻ ፎቶ ላንሳው?» ብለውኝ ነበር። ይፈቀድ አይፈቀድ ስለማላውቅ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ፤ እሳቸውም አነሱት። አሁን ያንን ፎቶ አሳዩኝ። የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በስማቸው ትይዩ፦ ፍሬን ያለፈ፣ መሪ ያለፈ፣ ጠቅላላ ነጥብ ከፍተኛ። በፎቶው ውስጥ ከሳቸው ረድፍ በላይ ያለው መኪናም ይታያል። አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ነው። እሱን ደግሞ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ የለበሰ። ከኋላ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ ግን አብጦ ተሰነጣጥቆ ነበር። «ፍሬን የወደቀ፤ ቱቦው ሳይቀየር ሰው እንዳይጭን» ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ቱታዬን እንኳን ሳልቀይር ከኦቦ ገመቹ ጋር ወጣሁ።

ዝርዝሩ ፈቃዱን በሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ባለ ሰሌዳ ላይ ነው የተለጠፈው። ሦስት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ የኔው ነው፤ ቀለሙ፣ ጽሑፉ፣ ፊርማዬ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በኮምፒውተር ተጽፈዋል። ነጩ ላንድክሩዘር «ፍሬን ያለፈ» ተብሎ አንደኛ ወጥቷል። ኦቦ ገመቹ ወድቀዋል። ሌሎች የተገለባበጡም እንዳሉ ጠረጠርኩ፤ ግን ሠላሳ መኪና በቃሌ አላስታውስም። ይህም አበሳጨኝ። ለራሴ አንድ ቅጂ እንኳን አላስቀረሁም።

አቶ ደረጀ በፈገግታ ተቀበለኝ። አምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ድምፁ የማይጮህ፣ ለሰው ወንበር የሚስብ ሰው ነው።

«መምህርት ሐመልማል፣ ምነው በቱታሽ መጣሽ?»

ነገሩን ነገርኩት። እያየኝ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«የጽሕፈት ስህተት ሊሆን ይችላል። ጸሐፊዎቹ ብዙ ወረቀት ነው ያለባቸው።»

«እንግዲያው ኦሪጅናሉን እንይና አሁኑኑ ይታረም።»

«ፋይሉ ተቆልፎበታል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።»

«ቁልፉን ለማን ሰጠች?»

«እሱን አጣርቼ እነግርሻለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። አቶ ደረጀ ሳይነካው ጎንበስ ብሎ አየው። «ፎቶ ማስረጃ አይሆንም አባቴ። ፎቶ ዛሬ በምን በምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ።»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ማነው?» አልኩት።

«ለጊዜው እኔ ነኝ» አለ፤ ምንም ሳያፍር።

 ቢቆጣኝ እቆጣዋለሁ፤ ቢያባርረኝ እጮሃለሁ። እሱ ግን ውኃ ከፍቶ ሰጠኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ እኮ ፈርመሻል» አለኝ። «ስህተት ነው ብሎ መጻፍ ራስን መክሰስ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመትም ፈታኝ እንፈልጋለን። ነገሩን አታካብጂው።»

ልነሳ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ነጩ መኪና ሥራ ጀምሯል?»

«ነገ ይጀምራል። የመጀመሪያው ስቲከር የሱ ነው። ከመቂ የሚመጡ መምህራን ይዞ ይገባል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉዳዩ ለኔ የፍትሕ ጉዳይ ነበር። አሁን ሌላ ሆነ። ፓርኩ ውስጥ ወደ ፍል ውኃው የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩሉ ገደል አለ። ሰው የሞላ ከባድ መኪና ያንን ቁልቁለት ሲወርድ ሾፌሩ ፍሬኑን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይረግጣል። ያበጠ ቱቦ መቼ እንደሚፈነዳ ማንም አያውቅም። የሚፈነዳው ግን ሲረገጥ ነው።

«አቶ ደረጀ፣ ያ መኪና ፍሬን የለውም።»

«ዝርዝሩ ላይ አልፏል» አለኝ። ፈገግታው አሁንም አልጠፋም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጆሮዬ ላይ እስኪግል ደወልኩ። የመኪናው ባለቤት ቁጥር ከማመልከቻዎቹ ላይ ትዝ ስላላለኝ ከአንድ ጋራዥ ፈልጌ አገኘሁት፤ አያነሳም። ለትራፊክ ፖሊስ ደወልኩ፤ ፓርክ ውስጥ የምናዘው እኛ አይደለንም አሉኝ። ወደ ፓርኩ መግቢያ በር ደወልኩ፤ ያነሳው ሰው በትህትና «ስቲከር ካለው እናስገባለን፣ ከሌለው እንመልሳለን፤ እኛ የምናየው ስቲከሩን ነው» አለኝ። የኮሌጃችንን ዲን ጠየቅኩ፤ «ደብዳቤ ጻፊና አምጪ፣ ሰኞ እንነጋገርበታለን» አለኝ። ሁሉም ትክክል ነበሩ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ነው የነገረኝ። ልክ እኔ «የኔ ድርሻ ብሎኑ ነው» እንደምለው።

አንድ ጥርጣሬ ግን አልለቅ አለኝ። ቱቦው በዚህ ሳምንት ተቀይሮ ቢሆንስ? ባለቤቱ ፍሬኑን አሠርቶ፣ እዚያ ቢሮ ሄዶ አስመዝግቦ ቢሆንስ? ያኔ የኔ ጩኸት ሁሉ የእብድ ጩኸት ይሆናል። ለኦቦ ገመቹ ይህን ስነግራቸው «ሄደን እናያለን» አሉ። «የኔ መኪና መግባት ነው የተከለከለው፤ እስከ በሩ መሄድ ማንም አልከለከላትም።»

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። በመንገዱ ላይ ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፍሬን ይዘው አህያ ካሳለፉ በኋላ «ያዘ አይደል?» አሉኝ። ቀልዳቸው አላሳቀኝም።

በሩ ላይ የደረስነው እሱ ከመድረሱ በፊት ነው። ተረኛው ስካውት፣ ማለት የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወጣ፤ አምሳ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ነው። ስቲከር እንደሌለን አይቶ ወደ ዳር ቁሙ አለን። ግራሩ ሥር ቆምን። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ምን እንደምል ደጋግሜ አዘጋጀሁ፤ ነጩ መኪና አቧራውን እያስነሳ ሲመጣ ሁሉም ጠፋብኝ። ሄጄ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ።

ሾፌሩ ቀስ ብሎ አቆመ። አወቅኩት፤ ለፈተና መኪናውን ያመጣው ከማል የሚባለው የአርሲ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። መስኮቱን አወረደ።

«መምህርት፣ ደህና ነሽ?»

«ከማል፣ ያ ቱቦ ተቀየረ?»

 በውስጥ መስታወቱ ወደ ኋላ አየ። መኪናው ውስጥ ስድስት ሴቶች አሉ፤ ነጭ ሻርፕ ያደረጉ፣ ምሳ በአገልግል የያዙ፣ ሲስቁ የመጡ።

«አልፏል ተብሏል እኮ» አለኝ። «የዝርዝሩ ቅጂ ይኸው።»

«ተቀየረ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ባለቤቱ ይቀየራል ብሎኝ ነበር። ዝርዝሩ ሲወጣ፣ ካለፈማ ምን አስቸኮለን አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህርት፣ ሁለት ልጆች አሉኝ።»

የኋላው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ወረዱ። ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። በኋላ እንደተዋወቅነው ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ፤ መቂ ከተማ የሂሳብ መምህርት ናቸው።

«የኔ እህት፣ ምንድነው ችግሩ? አንቺ ማነሽ?»

«ይህን መኪና የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ፍሬኑ ሰው ለመጫን አይሆንም።»

ወይዘሮ ጽጌ መነጽራቸውን አድርገው ከማል የያዘውን ወረቀት ተቀበሉት። ሦስቱንም ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «እዚህ ላይ አልፏል ይላል። ሐመልማል የሚል ፊርማ አለው። ሐመልማል ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አልፏል ብለሽ ፈርመሽ፣ አሁን መንገድ ላይ ቆመሽ ትከለክዪናለሽ?»

ስካውቱ ቀረብ አለ። የቀሩት ሴቶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያዩኛል። ፊርማው ተጭበርብሯል ማለት እችል ነበር። ማለትም ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸት ግን ነው።

«አዎ፣ ፊርማው የኔ ነው» አልኳቸው። «የፈረምኩት በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ፊተኞቹን ሁለት ገጾች አልፈረምኩባቸውም፤ እነሱን ቀየሯቸው። ጥፋቴ እነሱን ሳልፈርም መተዌ ነው። ስለዚህ አትመኑኝ። ፍሬኑን ራሳችሁ እዩት።»

ስካውቱ «እኔ የማየው ስቲከሩን ነው» አለ። ወይዘሮ ጽጌ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት፤ ክፍል ውስጥ እንደለመዱት።

«እንዴት ነው የሚታየው?» አሉኝ።

ሁሉም እንዲወርዱ፣ ከማል ሞተሩን አስነስቶ ቁልቁለት ላይ እንደሚረግጠው በሙሉ ኃይሉ ፍሬኑን እንዲረግጥ፣ እስክነግረው እንዳይለቅ ነገርኩት። ወይዘሮ ጽጌን በተከፈተው በር በኩል ፔዳሉን እንዲያዩ አቆምኳቸው። ከማል ረገጠ። ፔዳሉ ከላይ ቆመ። ጥሩ ፍሬን የሚመስል አቋቋም ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ደረስኩ፤ ፔዳሉ አልተነቃነቀም። አንዷ ሴት «ደህና ነው እኮ» ስትል ሰማሁ። ስካውቱ ሰዓቱን አየ። አርባ ደረስኩ።  ምናልባት ባለቤቱ ለከማል ሳይነግር አስቀይሮት ይሆናል፣ እነዚህን ሴቶች ከመዝናኛቸው አስተጓጉዬ፣ የዚህን ልጅ እንጀራ አደጋ ላይ ጥዬ፣ መሳቂያ ልሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

«ልቀቅና ደግመህ ርገጥ» አልኩት። «ከበፊቱ አጥብቀህ።»

ለቀቀና ረገጠ። በሦስተኛው ላይ ከኋላ ጠፍ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ከማል ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እግሩ ወለሉ ድረስ ወርዷል። ወይዘሮ ጽጌ ፔዳሉን አዩት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ። ከግራው የኋላ ጎማ ሥር ዘይቱ በጠጠሩ ላይ እየተዘረጋ ነው።

 ከዚያ አንዷ ሴት መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። አላበቃም። ስካውቱ ወደ አለቆቹ ደወለ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአቶ ደረጀ መልስ መጣ። ስካውቱ ስልኩን ዘግቶ ወደኔ ዞረ። ዓይኔን ላለማየት ስቲከሩን ያያል።

«መታወቂያሽን አምጪ ተብያለሁ። መኪናውን አሳልፋ የፈረመችው ፈታኟ ናት፤ ለጉዳቱ የምትጠየቀው እሷ ናት ተብሎ ሪፖርት ይጻፍ ተብሏል። ሰው እስኪመጣ ከዚህ እንዳትሄጂ።»

ጠባቂዎቹ ቤት ውስጥ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ኦቦ ገመቹ ደጋግመው ፎቶውን ለስካውቱ ያሳዩታል፤ እሱ ደጋግሞ «እኔ ምን ላድርግ አባቴ» ይላል። የተናደድኩት በአቶ ደረጀ ብቻ አልነበረም። በራሴ ነበር። ሁለት ፊርማ። ሁለት ደቂቃ እንኳን የማይፈጅ ነገር። ያንን ባደርግ ኖሮ ገጾቹን መቀየር አይችልም ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ ገቡ። የኦቦ ገመቹን ስልክ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የነጩን መኪና ረድፍ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ፍሬን የወደቀ፤ ቱቦው ሳይቀየር ሰው እንዳይጭን።» ከዚያ የኦቦ ገመቹን ረድፍ አነበቡ። ከማል የያዘውን የተለጠፈውን ዝርዝር ቅጂ አጠገቡ አድርገው ያንንም አነበቡ። ቦርሳቸውን ከፍተው የተማሪ ደብተር አወጡና መጻፍ ጀመሩ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ በር ላይ ያዩትን ሁሉ ጻፉ፤ የፔዳሉን፣ የዘይቱን፣ የፎቶውን። አምስቱ ባልደረቦቻቸው በየተራ ፈረሙ። ኦቦ ገመቹ ፈረሙ። ከማል ደብተሩን ተቀብሎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ፈረመ። በመጨረሻ ወይዘሮ ጽጌ እስክሪብቶውን ወደ ስካውቱ ዘረጉ።

«አንተስ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ያየኸውን ፈርም። ያላየኸውን አይደለም።»

ወደ በሩ አየ፣ ወደኔ አየ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ። ስቲከሩንም በምላጭ ፍቆ አነሳው። ከአለቆቹ ማንም አልመጣም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መታወቂያዬን መለሰልኝና ሄድን። መምህራኑን ኦቦ ገመቹ በሁለት ዙር አስፋልቱ ድረስ አደረሷቸው። ፓርኩን ሳያዩ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። የወይዘሮ ጽጌን ጽሑፍ ከነፎቶው ለበላይ መሥሪያ ቤት አስገባን። ከብዙ ምልልስ በኋላ ዝርዝሩ ከሰሌዳው ላይ ተነሳ፤ በቦታው «በቴክኒክ ምክንያት ለጊዜው ታግዷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አቶ ደረጀ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፣ ባለበት ደረጃ። ገጾቹን ማን እንደቀየረ እስከ ዛሬ አልተነገረንም፤ የነጩን መኪና ባለቤትም ዓይኑን አይቼው አላውቅም። እኔ ከኮሌጁ «ከተሰጣት ኃላፊነት ውጭ ተንቀሳቅሳለች» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከማል ሥራውን አጣ። በባልደረቦቼ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ፈልጌለት ደወልኩለት፤ አላነሳም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አልፈርድበትም። እሱ የፈረመው ከሁላችንም የበለጠ አስከፍሎታል።

እኔን የለወጠኝ ምን እንደሆነ በቅጡ ለመናገር ይቸግረኛል። ጀግና አልሆንኩም። አሁን ግን ማንኛውንም መኪና ስፈትሽ ውጤቱን የምጽፈው ባለቤቱ ፊት ነው፣ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን፣ አንዱን ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ለተማሪዎቼም ከሞተር ቀድሜ የማስተምራቸው ይህንን ነው። አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ። ይሰልቹ።

ይህን የምታነቡ ምናልባት ፈቃድ ሰጪ ወይም ፈቃድ ጠያቂ ናችሁ፤ ምናልባትም እንደኔ መሀል ላይ ቆማችሁ የምትመዝኑ። ፈቃድ መገደቡን አልቃወምም፤ ሜዳው ሣር ይፈልጋል፣ ሚዳቋዋም ሰላም ትፈልጋለች። የምለው አንድ ነገር ነው። ማን እንዳለፈ ብቻ አትለጥፉ፤ የወደቀው በምን እንደወደቀ፣ ማን እንዳየው፣ ለማን አቤት እንደሚል አብራችሁ ለጥፉ። አቤት የሚባልበት ሰው ደግሞ ውጤቱን የሰጠው ሰው አይሁን። እንዲህ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ለማውጣት ሁለት ቀን እና ስድስት መምህራን ባላስፈለገኝ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ፈቃዱን ያገኙት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ሌላ ፈታኝ መጥቶ እንደገና ፈትኗቸው። በነዚያ ወራት ወንበሮቹን ፈተው ከመቂ ሽንኩርት ይጭኑ ነበር። ስቲከሩ የተለጠፈ ዕለት ወደ ኮሌጁ መጥተው አሳዩኝ። እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። አመሰገኑኝና መኪናቸው ላይ ተደገፉ።

«ልጄ፣ ፈቃዱን ሰጡኝ» አሉ። «ለምን ከልክለውኝ እንደነበር ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።»